ባዶ የማያድር መኪና

ዋናውን መጀመሪያ ልናገረው፣ ካልሆነ ያፍነኛል። እማ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ታች ፓርኪንግ ውስጥ ካምፐራችንን፣ ማደሪያ ያለውን መኪናችንን፣ ፓክ እያደረገች ነው። ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ሶፍት፣ የወረቀት ኩባያ፣ ታጣፊ ወንበር። ዕቃው ነገ ጠዋት መርዶ ለሚነገራት ሴት ነው። ሴትየዋ ደግሞ ራሷ እማ ነች። አታውቅም! ሊትራሊ ለራሷ ለቅሶ ስኳር እየቆጠረች፣ መዝሙር እያንጎራጎረች!

አባቢ ያውቃል። እኔ አውቃለሁ። የለንደን ሐበሻ ግማሹ ያውቃል። እሷ ብቻ! እኔ ሰበብ ፈጥሬ ከአጠገቧ ሸሽቼ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መሀል። ማለቴ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። ለማን ልናገር? ለጓደኞቼ ብናገር ለእናቶቻቸው ይነግራሉ፣ እናቶቻቸው ለእማ ይደውላሉ። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ፣ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ።

ግን እንድትፈርዱ ከኋላ መጀመር አለብኝ። ምክንያቱም ይሄን ነገር አንዴ አበላሽቼዋለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አሁን አስራ ሰባት ነኝ፣ እና እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እሺ፣ መኪናው። ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ እኔ ሳልወለድ ነው ቤታችን የመጣው። አባቢ ጡረታ ከወጡ እንግሊዝ ባልና ሚስት ነው የገዛው። ውስጡ ትንሽ ምድጃ አለ፣ ሳህን የምታክል ሲንክ አለች፣ ጠረጴዛው ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል። መጋረጃው የእንግሊዞቹ ነው፣ ትንንሽ ዳክዬ አለበት። ዋይት ሲቲ፣ እኛ ሰፈር፣ ካምፐር ያለው ቤተሰብ እኛ ብቻ ነበርን፣ እና እንዴት እንደምጎርርበት! ትምህርት ቤት «ሆሊዴይ የት ሄዳችሁ?» ሲባል ሌሎቹ «የትም» ይላሉ፣ እኔ «ኮቨንትሪ! ካርዲፍ! ኖቲንግሃም ሁለቴ!» እላለሁ። አስተማሪዬ «ኮቨንትሪ ምን አየሽ?» ስትለኝ «ሰው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሌላው ቤተሰብ ሊሄድ ሲል ነው ዕቃ የሚያዘጋጀው። እኛ ስንመለስ ነው። እማ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ በማግስቱ ሺፍት አላት፣ እግሯ አብጧል፣ ግን ከጉዞ በተመለስንበት ቀን መኪናው ካልተሞላ ጫማዋን አታወልቅም። «መኪናው ባዶ አያድርም» ትላለች። ፍራሹን ታራግፋለች፣ የውሃ ታንኩን ታጥባለች፣ የጋዙን ሲሊንደር እያነቃነቀች ምን ያህል እንደቀረው ታዳምጣለች። ብስኩቱን አንድ በአንድ ቼክ አድርጋ ቀኑ ሊያልፍበት የደረሰውን ለኔ ትሰጠኛለች። ይሄን ስወደው!

ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በፕላስተር የተለጠፈ ሊስት አለ፣ በእማ የእጅ ጽሑፍ። ሻይ ቅጠል 3፣ ስኳር 4 ኪሎ፣ ኩባያ 200፣ ሶፍት 12፣ ነጠላ 6፣ ወንበር 14፣ የደም ግፊት መለኪያ 1። እኔ አማርኛ ማንበብ የተማርኩት በዛ ሊስት ነው። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ሶፍት» ነው። ሙች!

የኔ ድርሻ የልጆች ሳጥን ነበር። መቀባቢያ ደብተር፣ ከለር፣ ካርታ፣ ቺፕስ። ከለሮቹን መቅረጽ፣ የጎደለውን መተካት። «ይሄ ካልተሟላ አንሄድም» ትለኛለች እማ፣ እና ጉዞው ሁሉ በኔ ከለሮች ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ የእውነት በኔ ላይ የቆመ ነበር። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ችግሩ፣ መቼ እንደምንሄድ አይታወቅም። መኪናው ሙሉ ሆኖ ቆሟል፣ እኔ በመስኮት አየዋለሁ፣ እግሬ አያርፍም። «እማ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» ስላት «እሱ ቀጠሮ አይቀበልም» ትለኛለች። ቡኪንግ የማይቀበል ካምፕ ሳይት መስሎኝ «ታዲያ ሌላ ቦታ አትሞክሩም?» ብያት አውቃለሁ። እማ አባቢን አየችው፣ አባቢ ሳቀ።

ከዚያ ድንገት ስልክ ይደወላል። አባቢ ኮሪደር ላይ «እሺ፣ እሺ፣ መቼ?» ይላል፣ እማ የሞላችውን ሁሉ አውርዳ፣ ቆጥራ፣ እንደገና ትሞላዋለች፣ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እንነሳለን። መንገድ ላይ ጋሽ ባዩን እንወስዳቸዋለን። ጋሽ ባዩ አገር ቤት ሳሉ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። ሁሌ ከፊት ይቀመጣሉ፣ መንገድ ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድራማ የሚያጠኑ ይመስለኝ ነበር።

«እርስዎ ምን እያሉ ነው?» አልኳቸው አንዴ።

«የምለውን እየፈለግኩ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አልተገኘም?»

«ሰላሳ ዓመት ፈልጌ አልተገኘም።»

ስንደርስ እነሱ ወደ ቤቱ ይገባሉ፣ ትንሽ ቆይታ እማ በር ላይ ብቅ ትልና የቤቱን ልጆች ወደኔ ትሰዳለች። «ሔርሚ፣ ካምፐሩን አሳዪያቸው። ዘፈን ክፈቺላቸው። ከፍ አድርጊው!» ቤት ውስጥ «ቀንሺ» ብላ የምትገድለኝ ሴት እዚህ «ጨምሪ» ትላለች። የሆሊዴይ እማ ሌላ ሰው ነች ብዬ ደመደምኩ። በዘፈኑ መሀል ከቤቱ ጩኸት ይሰማል። ቲቪ ላይ መኪና ሲያሸንፉ እንደሚጮሁት ሰዎች። ኮቨንትሪ አንድ ልጅ «እናቴ ለምንድነው የምትጮኸው?» አለኝ።

«ስለመጣን ደስ ብሏት ነዋ!» አልኩት።

ልጁ አሁን ሃያ ሊሞላው ነው። ኢንስታግራም ላይ አየዋለሁ። ይቅርታ ብዬ ልጽፍለት ጀምሬ ስንቴ አጥፍቼዋለሁ።

የገባኝ አስራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው፣ ያውም ማንም ሳይነግረኝ። ከትምህርት ቤት የእውነት ካምፒንግ ወሰዱን፣ ድንኳን ምናምን። «ምን ምን እንያዝ?» ሲባል እጄን አውጥቼ «አስራ ሁለት ፓኮ ሶፍት» አልኩ። ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። ሄድን፣ ድንኳን ተከልን፣ ማርሽማሎው ጠበስን፣ እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ሰው የሚያለቅሰው መቼ ነው? ማንም አላለቀሰም። ፍራሼ ላይ ተጋድሜ አንድ በአንድ አሰብኩ፣ ኮቨንትሪ፣ ካርዲፍ፣ ኖቲንግሃም… ኦ ማይ ጋድ። እኛ አንዴም ሆሊዴይ ሄደን አናውቅም። እማና አባቢ አገር ቤት ሰው የሞተበትን ሁሉ፣ በስልክ እንዳይሰማ፣ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ነድተው ሄደው የሚያረዱ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው ሻይ የሚያፈሉ፣ ወንበር የሚዘረጉ። እኔ ደግሞ ልጆቹን ከቤት ማውጫ ነበርኩ።

ያበላሸሁት ግን ከዚያ በፊት ነው፣ በስምንት ዓመቴ።

እማ መኪናውን እየሞላች ነው፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሜ ከለር እቀርጻለሁ። አባቢ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል» አለ። «ዓርብ ሺፍቷን ትጨርስ፣ እንቅልፏን ትተኛ።»

«እስከዛ ለኤልፍነሽ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለች እማ። «ዳናዊትም እንዳትሰማ።»

«ማን ይነግራታል እታለማሁ?» አላት፣ በስሟ ጠርቶ።

«ሰው አፉን መች ይችላል ሳህሉ!»

ዳናዊት! የኔ ዳናዊት! ቸርች ውስጥ የልጆች ኳየር ላይ ከጎኔ የምትቆመው! እትዬ ኤልፍነሽ እናቷ ናት፣ እዚሁ ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ነው የሚኖሩት። አሁን ማን ሰው ነው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ካምፒንግ የሚሄደው? እዛ ያለው መብራትና ባስ ነው። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ቅዳሜ ጠዋት። አራት ኪሎ ስኳር። ሁለት መቶ ኩባያ። እንዳይነገራት። ሰርፕራይዝ ፓርቲ ነው!

ሐሙስ ፊንስበሪ ፓርክ ያለው ቸርቻችን የኳየር ልምምድ ነበረን። አልቻልኩም። መዝሙሩ ሳያልቅ ጆሮዋ ሥር ገባሁ። «ዳኒ፣ ቅዳሜ ጠዋት በካምፐር ወደናንተ እንመጣለን! ጋሽ ባዩም አሉ! ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ሰርፕራይዝ ነው!»

«ሙች በይ!»

«ሙች!»

ዳናዊት ምስጢሩን ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ኤሌፋንት ያዘችው። አርባ ደቂቃ።

ቅዳሜ ደረስን። ሊፍቱ ስለማይሠራ ስድስት ፎቅ በእግር ወጣን። ጋሽ ባዩ በየፎቁ ይቆማሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አባቢ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ክፍት ነበር።

ቤቱ ተጠርጓል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ቲቪው በአንሶላ ተሸፍኗል። ኩባያ ተደርድሯል፣ ዳቦ ተቆርጧል። እትዬ ኤልፍነሽ ጥቁር ለብሳ መሀል ላይ ቆማለች። ዋው፣ ለኛ እንዴት ተዘጋጅታለች! አልኩ በልቤ።

«ግቡ» አለች። «ከሐሙስ ጀምሬ እየጠበቅኳችሁ ነው። ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።»

ጋሽ ባዩ ደርቀው ቀሩ። እሳቸው መጀመሪያ ስለ መንገዱ ያወራሉ፣ ከዚያ ስለ ብርዱ፣ ከዚያ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚደርሱት። ያ ሁሉ ገደል ገባ። እማ ዳናዊትን ወደ ካምፐሩ መላክ ረሳች። እኔ ደግሞ ፓርቲው ሊበላሽ ነው፣ የሆነ ሰው መጀመር አለበት ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣

«ሰርፕራይዝ!»

ይቺን መስመር ጽፌ ተነስቼ አንድ ፎቅ ወርጄ ተመልሻለሁ። ሶሪ።

እትዬ ኤልፍነሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ባዩ ዞረች። «ቤንጃሚን ነው?» አለች። ቤንጃሚን አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር የቀረ ልጇ ነው፣ ያኔ አስራ ሦስት ዓመቱ።

«ኧረ አይደለም! እሱ ደህና ነው!»

«ወንድሜ ነው?»

«አይደለም። እናትሽ ናቸው፣ ልጄ።»

«ተመስገን» አለች እትዬ ኤልፍነሽ። መሬት ላይ ቁጭ አለች። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «ተመስገን» ነው። እንደተደሰተች እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሰዓት እማ ካምፐሩ ውስጥ ቴርሞስ እያጠበች «ማን ይሆን የነገራት?» አለች፣ ለራሷ።

«እኔ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቴርሞሱን አስቀመጠች። የሶፍቱ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» ብቻ። ሰርፕራይዙን ስላበላሸሁ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነሱ መኪናው ውስጥ ሲያወሩ በሩ ይዘጋል፣ እኔም ወዴት እንደምንሄድ የማውቀው ስንደርስ ነው።

ባለፈው ዓመት እትዬ ኤልፍነሽን ባስ ፌርማታ ላይ አገኘኋትና እንደምንም ደፍሬ አነሳሁት። መጀመሪያ ሳቀች። ቤንጃሚን አሁን መጥቷል፣ እዚሁ ዋይት ሲቲ ሾፒንግ ሞሉ ውስጥ ስልክ ይሸጣል፣ እሱን ልታይ በመጣች ቁጥር ትስቃለች።

«ዳናዊት ስትነግረኝ ወዲያው ነው የገባኝ» አለችኝ። «የእናንተን መኪና የማያውቅ ማን አለ? ያውም ከጋሽ ባዩ ጋር! አገር ቤት ደወልኩ፣ ሁሉም ደህና ነን ይላል። ደህና ነን ሲሉኝ ባሰብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሦስቱንም በየተራ ቀበርኳቸው። እናቴን፣ ወንድሜን፣ ልጄን። እና እናትሽ ናቸው ሲሉኝ ምን አልኩ?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን። በእናቴ ሞት። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች፣ ሔርሚዬ።»

«ይቅርታ እትዬ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሌላው ሰው ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ በፒጃማው፣ ዓይኑን ሳይታጠብ ነው የሚረዳው። እኔ ቤቴን ጠርጌ፣ ለብሼ፣ ቆሜ ነው የሰማሁት። እናቴን በወጉ ነው የተቀበልኳት። እሱንም የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ጥሩ ነው ያደረግኩት ወይስ መጥፎ?»

ባሷ መጣ። «እኔስ መች አወቅኩ» ብላኝ ገባች።

አሁን ደግሞ ይሄ። ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስወጣ አባቢ በር ላይ ቆሟል። መጥቶ አያውቅም! አባቢ ባስ ሾፌር ነው፣ ድምፁም እንደ ባስ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ያን ቀን ግን ጭራሽ እምቢ አለው። «ኤርምያስ» አለ። ጋሼ ኤርምያስ፣ የእማ ታናሽ ወንድም። አዝላ ያሳደገችው። ስልክ ሲያነሳ ሄሎ ከማለቱ በፊት የሚስቀው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የታመመው። እሁድ እማ ስትደውልለት አላነሳም፣ አባቢ «ኔትወርክ የለም» አላት።

አክስቴ ከሊድስ እስክትደርስ ተብሎ ለቅዳሜ ጠዋት ተወሰነ። ለኔ የተሰጠኝ ሥራ የእማ ስልክ ነው። የሆነ ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፎ ነፍስ ይማር ቢልስ? አፑን አጠፋሁባትና «አፕዴት እያደረገ ነው» አልኳት። አራት ቀን የሚፈጅ አፕዴት! አመነችኝ።

«መኪናውንስ?» አልኩት አባቢን። «አንተ ሙላው! እንዴት እሷ ራሷ…»

«እኔ ከሞላሁት በአንድ ደቂቃ ይገባታል። ከሷ በቀር ሰው ነክቶት ያውቃል? ፊንስበሪ ፓርክ ያለች የማናውቃት ልጅ ነች፣ ወንድሟ ነው የሞተው ብያታለሁ።»

«ውሸታም» አልኩት። አባቴን!

«እሺ» አለኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከትምህርት ቤት መጥቼ ላግዛት ወረድኩ። እማ ሌላ ጊዜ ከምትጠነቀቀው እጥፍ ትጠነቀቃለች። ብስኩቱን ጥሩውን ገዝታለች። ከዚያ የራሷን ጋቢ፣ ክረምት ክረምት ሶፋ ላይ የምትጠቀለልበትን፣ አጥፋ ነጠላዎቹ ላይ ጫነችው።

«እማ፣ ያንቺ አይደለ?»

«ሰው ሲደነግጥ ይበርደዋል። ልጅቷ አዲስ ነች መሰለኝ፣ ሰው የላትም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ቤቴ ነኝ፣ ምን ይበርደኛል?»

ኩባያ አቀብላታለሁ፣ ትደረድራለች። «ወንድም ከባድ ነው» አለች። «እናት አባት፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ። ታናሽ ወንድም ግን ማን ይጠብቃል? ይሄኔኮ እየሳቀች ይሆናል፣ ምስኪን። እኔም ጨርሼ ኤርምያስን ደውዬ ነው ልክ ልኩን የምነግረው፣ እሁድን ሙሉ ስልኩን ዘግቶ!»

ኩባያው ከእጄ ወደቀ። ሃምሳው ተበተነ። ሁለታችንም ተንበርክከን መልቀም ጀመርን፣ ፊቷ ፊቴ ላይ ነው። አሁን ልንገራት? «እማ፣ ዛሬ ቤቱን እንጥረገው» ብላት ብቻ ይበቃታልኮ! ግን ማን እንደሆነ አታውቅም፣ እስከ ነገ እህቷን፣ ኤርምያስን፣ የኤርምያስን ልጆች ሁሉ ስትቀብር ታድራለች። ሙሉውን ብነግራትስ? ፓርኪንግ ውስጥ፣ በጉልበቷ፣ ኩባያ መሀል፣ ከኔ በቀር ሰው ሳይኖር። ይሄ እንዳይሆን አይደል እንዴ ዕድሜ ልኳን በየከተማው የዞረችው? ዝም ካልኩ ደግሞ ነገ ጠዋት በፒጃማዋ በር ትከፍታለች፣ የሆነ ሰው የራሷን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል፣ ያኔ ይገባታል። ኩባያውን ሳቀብላት የነበርኩት እኔ እንደሆንኩም ይገባታል።

ከዚያ እማ ቀና አለች።

«ሔርሚ፣ የልጅቷ ስም ማን ነው?»

«የየቷ?»

«የፊንስበሪ ፓርኳ። አባትሽ ረስቶ አልነገረኝም። ስሟን ብቻ። ዛሬ በስሟ ልጸልይላት፣ ነገ ጉልበት እንዲሰጣት። ስሟን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ነው ጌታ ፊት የማቆማት?»

«አባቢን ጠይቄ ልምጣ» ብዬ ሮጥኩ።

አባቢ ቤት የለም፣ አክስቴን ሊቀበል ሄዷል። ስልኩን አያነሳም። ስም መፍጠር እችላለሁ፣ ቃልኪዳን ትባላለች ልበላት፣ ማን ያውቃል። ግን እማ ስትጸልይ አይታችኋት አታውቁም። በጉልበቷ ነው፣ በእንባ ነው፣ ስሙን እየደጋገመች ነው። ወንድሜ አለ ብላ በምታድርባት በዚች በመጨረሻዋ ቀን፣ ለሌለች ቃልኪዳን እንድታለቅስ ላድርጋት? ወይስ እውነተኛውን ልበላት? «እታለማሁ ትባላለች እማ፣ ሞክሼሽ ናት።» ቢያንስ ጸሎቱ ለራሷ ይደርሳታል፣ እኔም አልዋሸሁም። ግን እማ ሞኝ አይደለችም፣ ስሙን ስናገር ዓይኔን ነው የምታየው።

ወይኔ፣ የካምፐሩ በር ተዘጋ። እየመጣች ነው። «ሔርሜላ! ጠየቅሽው? ማን ትባላለች አለሽ?» አንደኛ ፎቅ ደርሳለች፣ ኮቴዋ ይሰማኛል። ቶሎ በሉኝ፣ እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትነግሯት ነበር?